ኢንዛይምን በድንችና በፐርኦክሳይድ ማስተማር፦ ላብራቶሪ ለሌለው፣ 60 ተማሪ ላለው ክፍል

«ላብራቶሪ የለንም፤ ክፍሉ ውስጥ 60 ተማሪ አለ፤ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። ኢንዛይምን እንዴት አድርጌ በተግባር ላስተምር?» የ11ኛ ክፍል የባዮሎጂ መምህራን ደጋግመው የሚጠይቁን ይህን ነው። እዚህ የምታገኙት አንድ ሙከራ ነው፤ ግን ከዕቅዱ እስከ ብርጭቆ አጠባው ድረስ ሙሉውን። ዋናዎቹ ዕቃዎች ድንች፣ ከፋርማሲ የሚገዛ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና የወረቀት መብሻ ናቸው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ድንች ውስጥ ካታሌዝ የሚባል ኢንዛይም (ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን) አለ። ካታሌዝ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድን ወደ ውሃና ኦክሲጅን ይከፋፍላል። በድንች ጭማቂ የተነከረች ትንሽ ክብ ወረቀት ፐርኦክሳይድ ውስጥ ስትገባ ትሰምጣለች፤ ከዚያ የኦክሲጅን አረፋ ይለጠፍባትና አረፋው ሲበዛ ወደ ላይ ይዟት ይወጣል። ቶሎ ከወጣች ኢንዛይሙ ፈጥኖ እየሠራ ነው፤ ከዘገየች አዝግሟል። ተማሪው የሚለካው ሰከንድ ብቻ ነው።

ይህ ትምህርት ሲበላሽ ብዙውን ጊዜ የተበላሸው ከዋዜማው ነው። ስለዚህ ደረጃ 3ን ዘላችሁ ክፍል አትግቡ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች (ለ60 ተማሪ፣ 12 ቡድን፣ በቡድን 5 ተማሪ)

- ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ 3%፦ 400 ሚሊ ሊትር (300 ለክፍል፣ 100 ለልምምድ)
- ድንች፦ 200 ግራም ለክፍል፣ ሌላ 200 ግራም ለልምምድ። መካከለኛ መጠን ካለው ሁለት ሁለት ፍሬ በቂ ነው
- የሻይ ብርጭቆ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት፦ 24
- የሃይላንድ ክዳን፦ 24 (ጭማቂ ማስቀመጫ ይሆናሉ)
- ፊልተር ወረቀት ወይም የቡና ፊልተር ወረቀት፦ 3 ወይም 4 ቅጠል
- የወረቀት መብሻ (ፓንቸር)፦ 1
- ወረንጦ፦ 12
- ባለ 20 ሚሊ ሲሪንጅ፣ መርፌው የተነቀለ፦ 2
- የካሮት መፈቅፈቂያ፣ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ፣ ፔርሙዝ ወይም በረዶ ያለበት ዕቃ
- ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት፦ ለየቡድኑ አንድ
- ማርከር፣ ፕላስተር፣ ሶፍት፣ ባልዲ፣ በሃይላንድ የተሞላ ንጹሕ ውሃ

ስለ አንዳንዶቹ ጥቂት ማብራሪያ ያስፈልጋል። ፊልተር ወረቀቱን በደብተር ወረቀት አትተኩት፤ የደብተር ወረቀት ጭማቂውን በደንብ አይመጥም። ሶፍት ደግሞ ውሃ ውስጥ ይበጣጠሳል። ብርጭቆዎቹ አንድ ዓይነት ካልሆኑ ወረቀቷ የምትጓዘው ርቀት ይለያይና ሰከንዱም ትርጉም ያጣል። የተለያየ ብርጭቆ ብቻ ካላችሁ በሚሊ መለካቱን ተዉትና በእያንዳንዱ ላይ ከውስጥ ወለሉ በ3 ሴንቲ ሜትር ከፍታ በማርከር አስምሩ፣ ፈሳሹንም እስከ መስመሩ ሙሉ። ተማሪ ስልክ ይዞ እንዳይገባ የሚከለክል ትምህርት ቤት ከሆነ ሰከንድ ያለው የእጅ ሰዓት አሰባስቡ፤ እሱም ከጠፋ አንድ ተማሪ ከፊት ቆሞ ሰከንዱን ለሁሉም ጮክ ብሎ ይቁጠር።

ለምን ድንች? ጉበት ካታሌዝ ይበዛበታል፤ ወረቀቷ ገና ሳትሰምጥ አረፋው ስለሚገነፍል ጊዜ መያዝ አይቻልም። በጾም ወቅት ደግሞ ሉካንዳው ዝግ ነው። ደረቅ የዳቦ እርሾ ይሠራል፤ 1 ግራም በ100 ሚሊ ለብ ያለ ውሃ በጥብጣችሁ ከዚያ ማቅጠን ትችላላችሁ። ያም ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሠራው መምህር ድንች ይቀላል።

ከመጀመራችሁ በፊት ማስጠንቀቂያ

3% የቁስል ማጠቢያ ቢሆንም ዓይን ውስጥ ከገባ ይጎዳል፣ ልብስም ያነጣል። መነጽር ካለ ይደረግ። ከሌለ ማንም ብርጭቆውን ወደ ፊቱ አስጠግቶ ከላይ አይይ፤ ጎንበስ ብሎ ከጎን ይመልከት። ዓይን ውስጥ ከገባ ወዲያው በንጹሕ ውሃ ለ15 ደቂቃ ያለማቋረጥ ማጠብና ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው። በሃይላንድ ውሃ አዘጋጁ ያልነው ለዚህ ነው።

ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። «10 ቮልዩም» ማለት 3% ነው፤ «20 ቮልዩም» 6% ስለሆነ እኩል ውሃ ይጨመርበታል። የጸጉር ቀለም ማጠንከሪያ ክሬም ፐርኦክሳይድ ቢኖረውም ሌሎች ነገሮች ስላሉበት አትጠቀሙበት። የትምህርት ቤቱ መጋዘን ውስጥ 30% የሚል ጠርሙስ ከተገኘ ተማሪ እንዳይነካው። ቆዳ ያቃጥላል። ማቅጠን ካለባችሁ ጓንትና መነጽር አድርጋችሁ፣ 1 እጅ ፐርኦክሳይድ በ9 እጅ ውሃ ላይ ጨምሩ፤ 3% ገደማ ይሆናል።

የተረፈውን ፐርኦክሳይድ ወደ ጠርሙሱ በፍጹም አትመልሱ። ጠብታ ጭማቂ ከገባበት ሌሊቱን ሙሉ ኦክሲጅን ሲያወጣ ያድራል፤ ክዳኑ ከጠበቀ ግፊቱ ጠርሙሱን ሊያፈነዳ ይችላል።

በረኪና የነበረበትን ዕቃ አታስጠጉ። በረኪና ያለ ምንም ኢንዛይም ፐርኦክሳይድን ያስነሳዋል፤ ለማነጻጸሪያ የምትገባው፣ በተቀቀለ ጭማቂ የተነከረች ወረቀት እንኳ አረፋ ታገኝና ምክንያቱን ስትፈልጉ ክፍለ ጊዜው ያልቃል። ብርጭቆዎቹም ቀደም ሲል በበረኪና የታጠቡ ከሆነ ደጋግማችሁ በውሃ አለቅልቁ።

ደረጃ 1፦ ዓላማውን ልትለኩት በምትችሉት ቃል ጻፉ

ዕለታዊ ዕቅዱ ላይ «ተማሪዎች ስለ ኢንዛይም ይገነዘባሉ» ብሎ መጻፍ ለተጠሪው ፊርማ ይበቃ ይሆናል፤ ለእናንተ ግን ምንም አይነግራችሁም። ይህ ትምህርት የሚመልሰው ጥያቄ አንድ ነው፦ የሰብስትሬቱ (ኢንዛይሙ የሚሠራበት ነገር፣ እዚህ ፐርኦክሳይዱ) ኮንሰንትሬሽን፣ ማለትም ጥንካሬው፣ ሲለወጥ የኢንዛይሙ ፍጥነት እንዴት ይለወጣል? ስለዚህ ዓላማዎቹ ሦስት ይሁኑ፦ ተማሪው ጊዜን ወደ ፍጥነት ይቀይራል፤ በአምስት ነጥብ ግራፍ ይሠራል፤ የተቀቀለው ጭማቂ ወረቀቷን ለምን እንዳላነሳት በሁለት ዓረፍተ ነገር ያብራራል።

ሙቀትንና ፒኤችን (የአሲድነት መጠንን) በዚሁ ቀን አትጨምሩ። ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ የሚለወጥበት ሙከራ የትኛው ምን እንዳመጣ አይናገርም።

ደረጃ 2፦ ሥራውን በቡድኖቹ አከፋፍሉ

እያንዳንዱ ቡድን አራቱንም ጥንካሬ ይሥራ ካላችሁ 1,200 ሚሊ ፐርኦክሳይድ ያስፈልጋል፤ 40 ደቂቃም አይበቃም። ይልቅ አንድ ቡድን አንድ ጥንካሬ ብቻ ይውሰድ፤ ውጤቱን በኋላ በጋራ ታሰባስቡታላችሁ። ፍጆታው ወደ 300 ሚሊ ይወርዳል። እያንዳንዱ ጥንካሬ በሦስት ቡድን ስለሚሠራም መረጃው የበለጠ አስተማማኝ ነው።

ቡድን 1፣ 5፣ 9 ባለ 3% ይውሰዱ፤ ቡድን 2፣ 6፣ 10 ባለ 2.25%፤ ቡድን 3፣ 7፣ 11 ባለ 1.5%፤ ቡድን 4፣ 8፣ 12 ባለ 0.75%። ቁጥሩን ያዘበራረቅነው ሆን ብለን ነው። አንድ ዓይነት ጥንካሬ የያዙ ቡድኖች ጎን ለጎን ከተቀመጡ አንዱ ከሌላው ሰከንድ ይገለብጣል።

በየቡድኑ ውስጥ አንዱ ሰዓት ይይዛል፤ አንዱ በወረንጦ ወረቀቷን ያስገባል፤ አንዱ ወረቀቷ ላይ ዓይኑን ተክሎ «ደረሰች!» ይላል፤ አንዱ ይጽፋል፤ አምስተኛው ዕቃ ያመጣል፣ ይመልሳል፣ ያጥባል። ሥራ ያልተሰጠው ተማሪ ብርጭቆው ውስጥ እስክሪብቶ ይከታል።

ደረጃ 3፦ ከዋዜማው ራሳችሁ ሞክሩት

ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ስጡት።

መጀመሪያ ፐርኦክሳይዱ በሕይወት መኖሩን አረጋግጡ። ጠርሙሱ ተከፍቶ ወራት የቆየ ወይም ብርሃን ሲመታው የከረመ ከሆነ ወደ ውሃነት ተቀይሮ ይሆናል። ትንሽ ቁራጭ ጥሬ ድንች ጣሉበት፤ በሰከንዶች ውስጥ ደቃቅ አረፋ ካልከበበው ሌላ ጠርሙስ ግዙ።

ቀጥሎ የጭማቂውን ጉልበት መጥኑ። በደረጃ 4 እንደተጻፈው ጥቂት ጭማቂ አዘጋጁና አንዲት ክብ ወረቀት በ3% ውስጥ ሞክሩ። የምትፈልጉት ከ8 እስከ 15 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ እንድትወጣ ነው። ከ5 ሰከንድ በታች ከወጣች ሰዓት የሚይዘው ተማሪ የጣቱ መዘግየት ብቻ ውጤቱን ያበላሸዋል፤ ጭማቂውን በእኩል ውሃ አቅጥናችሁ እንደገና ሞክሩ። ከ20 ሰከንድ በላይ ከቆየች ደግሞ ባለ 0.75% ቡድኖች ተሰላችተው ይነሳሉ፤ ውሃውን ቀንሱ ወይም ድንቹን ጨምሩ። ድንች ከድንች ይለያያል፤ ባለፈው ሴሚስተር የሠራው ልክ ዘንድሮ ላይሠራ ይችላል። ያገኛችሁትን ልክ (ስንት ግራም በስንት ሚሊ) ጻፉት፤ ለነገውም ከዚያው ድንች አስቀሩ።

ደረጃ 4፦ ጭማቂውን በሙከራው ዕለት ጠዋት አዘጋጁ

1. 200 ግራም ድንች ላጡና በመፈቅፈቂያ ፈቅፍቁ። መብራት ካለ ብሌንደር ይቀላል።
2. 200 ሚሊ ቀዝቃዛ ውሃ (ወይም በልምምዱ ያገኛችሁትን ልክ) ጨምራችሁ ለ2 ደቂቃ አማስሉ። ውሃው ቀዝቃዛ የሚሆነው ኢንዛይሙ ሳይደክም እንዲቆይ ነው።
3. በነጭ ጨርቅ አጥልሉና ጨምቁ።
4. ለ10 ደቂቃ ሳትነኩት አስቀምጡት። ከታች ነጭ ነገር ይዘቅጣል፤ ስታርች ነው። ላይ ያለውን ፈሳሽ ብቻ በቀስታ ወደ ሌላ ዕቃ ቅዱ። ይህን ከዘለላችሁ ቀጣዩ ደረጃ ላይ ስታርቹ ተቀቅሎ እንደ ሙቅ ይወፍርባችኋል።
5. ከቀዳችሁት 50 ሚሊ ለይታችሁ በጠርሙስ አድርጉና በሚፈላ ውሃ ድስት ውስጥ ለ10 ደቂቃ አቁሙት። ይህ «ብስል ጭማቂ» ነው፤ የቀረው «ጥሬ»። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው፤ ካታሌዙን ዲናቹር ለማድረግ (ቅርጹን አበላሽቶ ሥራውን ለማስቆም) ይበቃል፤ ጊዜውን ግን አታሳጥሩ።
6. ብስሉን ሙሉ በሙሉ አቀዝቅዙ። ትኩስ ሆኖ ከገባ ተማሪው «ልዩነቱን ያመጣው ሙቀቱ ነው» ቢል ትክክል ይሆናል።
7. ጥሬውን በረዶ ባለበት ዕቃ ውስጥ ወይም ቀዝቃዛ ውሃ በተሞላ ፔርሙዝ ውስጥ ያዙት።

ጭማቂው እየቆየ ይቡናማል፤ እሱም የሌላ ኢንዛይም ሥራ ነው፣ ለተማሪዎቹ ማሳየትም ይቻላል። የካታሌዙ ጉልበት ግን በየሰዓቱ ይቀንሳል። በፈረቃ የምታስተምሩ ከሆነ የጠዋቱን ጭማቂ ለከሰዓቱ ሴክሽን አታሳድሩት፤ አዲስ ፈቅፍቁ። የሁለት ሴክሽን ውጤትም በአንድ ሠንጠረዥ ውስጥ አይቀላቀል።

ደረጃ 5፦ ፐርኦክሳይዱን ቀላቅሉ

ይህን እናንተ ሥሩት፤ ሃምሳና ስልሳ ልጅ በሁለት ሲሪንጅ ሲሻማ ግማሽ ሰዓት ይሄዳል። ለእያንዳንዱ ጥንካሬ 120 ሚሊ (40 ሚሊ ለሦስት ቡድን) ይበቃል።

- 3%፦ 120 ሚሊ ፐርኦክሳይድ፣ ውሃ የለውም
- 2.25%፦ 90 ሚሊ ፐርኦክሳይድ + 30 ሚሊ ውሃ
- 1.5%፦ 60 + 60
- 0.75%፦ 30 + 90
- 0%፦ ውሃ ብቻ፣ 480 ሚሊ (ለሁሉም ቡድን ማነጻጸሪያ)

ብረት ዕቃ ውስጥ አትቀላቅሉ፤ ዝገት ፐርኦክሳይዱን ይከፋፍለዋል። ጠርሙሶቹ ላይ ፕላስተር ለጥፋችሁ ጻፉ፤ አምስቱም ዓይን ሲያያቸው ውሃ ናቸው። ክዳናቸውን ላላ አድርጉ፤ ለፀሐይ አታጋልጡ።

ፊልተር ወረቀቱን በመብሻ ብሱና 100 ክብ አዘጋጁ። የምትጠቀሙት 60 ነው፤ ቀሪው ለሚወድቅና ለሚጠፋ።

ደረጃ 6፦ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ፣ ሙከራ የለበትም

ይህ ክፍለ ጊዜ ከሙከራው በፊት ባለው ቀን የሚሰጥ ሲሆን ለሐሳቡና ለሠንጠረዡ ነው። ኢንዛይም፣ ሰብስትሬት፣ አክቲቭ ሳይት (ሰብስትሬቱ የሚገጥምበት የኢንዛይሙ ክፍል)፣ ፕሮዳክት (ከሥራው የሚወጣው)፣ ዲናቹር የሚሉትን አምስት ቃላት በእንግሊዝኛ ሰሌዳው ጥግ ላይ ጻፉና ሁለቱም ክፍለ ጊዜ እስኪያልቅ አታጥፏቸው። መጽሐፉና ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው፤ ማብራሪያው በአማርኛ ቢሆንም ቃላቱን ተማሪው በመጡበት መልክ ያውቃቸው።

ከዚያ ትንበያ አስጽፉ፦ «ፐርኦክሳይዱ በግማሽ ቢቀጥን ወረቀቷ የምትወጣበት ጊዜ ምን ይሆናል? ጭማቂው ቢቀቀልስ?» በደብተር፣ በእስክሪብቶ። ቀድሞ ያልጻፈ ተማሪ ውጤቱን ካየ በኋላ «አውቀው ነበር» ይላል፤ እናንተም የተሳሳተውን ግንዛቤ ሳታገኙት ያልፋል። በመጨረሻ የውጤት ሠንጠረዡን ሁሉም በደብተሩ ያስምር፤ ይህ ለነገ ቢተው 7 ወይም 8 ደቂቃ ይበላል።

ደረጃ 7፦ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ፣ በደቂቃ

ተማሪ ከመግባቱ በፊት የየቡድኑ ዕቃ ጠረጴዛ ላይ ይሁን፦ 40 ሚሊ ፐርኦክሳይድ ያለበት ብርጭቆ፣ 40 ሚሊ ውሃ ያለበት ብርጭቆ፣ «ጥ» የተጻፈበት ክዳን ውስጥ 3 ሚሊ ጥሬ ጭማቂ፣ «ብ» የተጻፈበት ውስጥ 3 ሚሊ ብስል፣ 5 ክብ ወረቀት፣ ወረንጦ፣ ሶፍት። ከፊተኛው ክፍለ ጊዜ መምህር ጋር ተነጋግራችሁ በዕረፍት ሰዓት ግቡ።

ከ0 እስከ 5 ደቂቃ፦ ቦታ መያዝ፣ የሥራ ክፍፍል፣ የዓይን ማስጠንቀቂያ።

ከ5 እስከ 10፦ አንድ ጊዜ ከፊት አሳዩ። ወረቀቷን በወረንጦ ያዙ፣ ጭማቂው ውስጥ ለ10 ሰከንድ ንከሩ፣ ሶፍት ላይ አንዴ ብቻ አስነኩ፣ ብርጭቆው ወለል ድረስ ወስዳችሁ ልቀቁ። ሰዓቱ የሚጀምረው ወረንጦው ሲለቅ ነው፤ የሚቆመው ወረቀቷ የፈሳሹን ፊት ስትነካ። ከላይ የሚጥላት ተማሪ ይኖራል፤ ያኔ ሳትሰምጥ ትንሳፈፋለች። ወለሉን ለቃ መሐል ላይ የምትቆምም አለች፤ ሰዓቱ አይቆምም፣ እስክትደርስ ይጠበቃል።

ከ10 እስከ 25፦ ቡድኖቹ ይሥሩ። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፦ መጀመሪያ ብስሏ ወረቀት ፐርኦክሳይዱ ውስጥ፣ ከዚያ ሦስቱ ጥሬዎች አንድ በአንድ። ጥሬዋ ከቀደመች ፈሳሹ ውስጥ ኢንዛይም ትታ ስለምትወጣ ብስሏም አረፋ ታገኛለች፣ ማነጻጸሪያውም ከንቱ ይሆናል። ብስሏ 180 ሰከንድ ከጠበቀች በኋላ «አልተነሳችም» ተብሎ ይጻፋል። ያን ጊዜ ሳታባክኑ አምስተኛዋን ጥሬ ወረቀት ውሃው ብርጭቆ ወለል ላይ ልቀቁ፤ እሷም አትነሳም። ሁለቱ ማነጻጸሪያዎች አብረው፦ ኢንዛይሙ ብቻውን፣ ፐርኦክሳይዱም ብቻውን ወረቀት እንደማያነሱ ይመሰክራሉ። ከእያንዳንዷ ጥሬ በኋላ ወረቀቷ ትውጣ፣ ወረንጦውም በውሃ ይታጠብ።

ከ25 እስከ 32፦ ጸሐፊዎቹ ውጤታቸውን ሰሌዳ ላይ ይሙሉ። ከ32 እስከ 37፦ ጽዳት። የቀረው 3 ደቂቃ ለአንድ የመውጫ ጥያቄ ነው፦ «ብስሏ ወረቀት ለምን አልተነሳችም?»

ደረጃ 8፦ ከሰከንድ ወደ ፍጥነት፣ ከፍጥነት ወደ ግራፍ

ሦስት ንባብ 12፣ 14፣ 13 ቢሆን (ቁጥሩ ለማሳያ ነው) አማካዩ 13 ነው። ፍጥነቱን ለማግኘት 1000ን ለ13 አካፍሉ፤ 77 ገደማ ይመጣል። በ0.75% አማካዩ 50 ሰከንድ ከሆነ ፍጥነቱ 20 ነው። 1ን ማካፈልም ይቻል ነበር፤ 0.077 ከሚል ቁጥር ግን 77 ለግራፍ ወረቀት ይመቻል። ተማሪው ይህን ካልቀየረና ሰከንዱን በቀጥታ በግራፉ ካስቀመጠ መስመሩ ቁልቁል ይሄድና «ፐርኦክሳይድ ሲጨምር ፍጥነት ይቀንሳል» ብሎ ይደመድማል። በየሴክሽኑ ይህን የሚያደርግ ይኖራል።

ያልተነሳችዋ ወረቀት ሰከንድ የላትም፤ ፍጥነቷ ዜሮ ነው። በሰከንዱ ረድፍ «0» ተብሎ ከተጻፈ «በቅጽበት ወጣች» ማለት ይሆናል። ከሦስቱ አንዱ ንባብ ብቻውን ከራቀ (12፣ 13፣ 31) ጊዜ ካለ ይደገም፤ ከሌለ ከአማካዩ ወጥቶ ከሥሩ ምክንያቱ ይጻፍ።

አግድሙ መስመር ላይ ጥንካሬው (0፣ 0.75፣ 1.5፣ 2.25፣ 3)፣ ቋሚው ላይ ፍጥነቱ ይቀመጥ። የመጽሐፉ ግራፍ ወደ ላይ ሄዶ ይታጠፍና ይተኛል። የእናንተ እስከ 3% ድረስ ላይተኛ ይችላል። መጽሐፉን ለማስመሰል ነጥብ አታጣሙ፤ ተማሪው ያገኘውን ይሳል፣ «ከዚህ በላይ ብንሄድ ምን እንጠብቃለን?» የሚለውን ግን ተወያዩበት። ግራፉ የቤት ሥራ ይሁን፤ የቀጣዩ ክፍለ ጊዜ የመጀመሪያ 15 ደቂቃ ለውይይቱ ይበቃል።

ለተከታታይ ምዘና ከ10 የሚታረም፦ ሠንጠረዥ 2፣ የፍጥነት ስሌት 2፣ ግራፍ 4 (የመስመሮቹ ስያሜ፣ እኩል ክፍተት፣ ነጥቦቹ፣ መስመሩ)፣ ማብራሪያ 2። የግራፉ ነጥብ የበዛው 60 ደብተር በአንድ ምሽት ሲታረም በዓይን ለይቶ ማረም የሚቻለው እሱ ስለሆነም ጭምር ነው።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥሙ ስህተቶች

ጥሬዎቹ ወረቀቶች አልተነሱም፦ ፐርኦክሳይዱ ሞቷል ወይም የብስሉና የጥሬው ክዳን ተለዋውጧል። መጀመሪያ ክዳኑን እዩ።

ብስሏም ተነሳች፦ ወረንጦው ጥሬ ነክቶ ነበር፣ ጭማቂው በቂ ጊዜ አልተቀቀለም፣ ወይም ብርጭቆው በረኪና ቀምሷል።

ወረቀቷ ብርጭቆው ግድግዳ ላይ ተለጠፈች፦ መሐል ላይ አልተለቀቀችም። ያ ንባብ ይሰረዝ።

ሦስቱ ንባቦች እየዘገዩ ሄዱ፦ በሶፍት የሚደርቁት እኩል አይደለም፣ ወይም ጭማቂው ክዳኑ ውስጥ ፀሐይ ላይ ቆይቷል።

«ኢንዛይሙ ሞተ» የሚል መልስ፦ በየደብተሩ ታገኙታላችሁ። ኢንዛይም ፕሮቲን ነው፣ ሕይወት የለውም፤ ቅርጹ ተበላሽቶ ሰብስትሬቱ አክቲቭ ሳይቱ ላይ መግጠም አቅቶታል ብላችሁ አርሙ። ከዚሁ ጋር የሚመጣው «ቅዝቃዜም ዲናቹር ያደርገዋል» የሚለው ነው። በረዶ ውስጥ የነበረውን ጭማቂ ወደ ክፍሉ ሙቀት አምጥታችሁ አሳዩ፤ ይሠራል።

ጽዳት

ብርጭቆው ውስጥ የቀረውን ብዙ ውሃ ባለበት ባልዲ ውስጥ ድፉትና ባልዲውን ወደ ፍሳሽ ድፉ። ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ አታጠራቅሙ። ብርጭቆዎቹ ከመምህራን ሻይ ቤት የተዋሱ ከሆኑ እንዳትመልሷቸው፤ ለትምህርት ክፍሉ ገዝታችሁ «ላብ» ብላችሁ ምልክት አድርጉባቸው።

ቀጣዩን ሙከራ ለሚፈልግ

ለፒኤች ሎሚና ቤኪንግ ሶዳ ይበቃሉ፤ ግን በአንድ ብርጭቆ አይገናኙ፣ ሲቀላቀሉ ራሳቸው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣሉ። ሱቅ ስትልኩ ደግሞ ጥቅሉን አንብቡ፦ ቤኪንግ ፓውደር ውስጡ አሲድ ስላለ ውሃ ሲነካው ብቻውን አረፋ ይሠራል፤ ወረቀቷን የሚያነሳው ካታሌዝ ይመስላችኋል።

ለሙቀት፣ ጭማቂውን አሙቆ ቀዝቃዛ ፐርኦክሳይድ ውስጥ መሞከር የሚለካው ኢንዛይሙ ሙቀቱን መቋቋሙን ነው። በዚያ ሙቀት የሚሠራበትን ፍጥነት ከፈለጋችሁ ጭማቂውም ፐርኦክሳይዱም ለየብቻ በአንድ ዓይነት የውሃ ገንዳ ውስጥ 5 ደቂቃ ይቀመጡና ከዚያ ይገናኙ። ፐርኦክሳይዱን በእሳት ላይ አታሙቁ፤ ከ40 ዲግሪ በላይ መሄድም አያስፈልግም። ቴርሞሜትር ከሌለ ይህኛውን ተዉት፤ በእጅ ዳብሶ የተገመተ ሙቀት ግራፍ ላይ አይቀመጥም።